አመዳዩን የጠረገው ጋቢ፦ የአንድ የደላንታ የጎልፍ ግጥሚያ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች በገና ማግስት በወሎ ደላንታ ላይ፣ በጋራ ግጦሽ መስክ ላይ በተቆፈሩ አምስት ጉድጓዶች ጎልፍ ተጋጠሙ። አራቱን ጉድጓድ እኩል ሆነው ጨረሱ። አምስተኛው ላይ አንደኛው ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ከመግፋቱ በፊት ሣሩ ላይ ያደረውን አመዳይ በጋቢው ጠርዝ ጠረገው። ሌላኛው «በቃ፣ ጉድጓዱ የኔ ነው» አለ። ውርርዱ ሙክት ስለነበር ነገሩ በሳቅ አላለፈም፤ ሽማግሌ እስከመጥራት ደረሰ። ውጤት መዝጋቢው እኔ ስለነበርኩ የሁለቱም ቃል፣ የሽማግሌውም ብይን በእጄ አለ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ብይኑ ትክክል ነበር። ነገሩ የተበላሸው ግን ጋቢው ሣሩን ከመንካቱ በፊት ነው፤ ጨዋታው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንዲጀመር የተወሰነ ዕለት።

ሜዳውና ሌሊቱ

ደላንታ ከፍ ያለ አምባ ነው፤ ከጫፉ ላይ ቆሞ በበሽሎ ሸለቆ ማዶ መቅደላን ማየት ይቻላል። አፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. በዋድላና በደላንታ በኩል ነው ያለፈው። ጎልፍን ግን ትቶልን አልሄደም። ጎልፉን ያመጣው የሰፈሩ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ በካዲነት፣ ማለትም በጎልፍ ዱላ ተሸካሚነት፣ ሠርቷል፤ የሰው ዱላ ተሸክሞ ሲዞር ደንቡን በጆሮው ለምዶት፣ ኋላም ስልኩ ላይ ጭኖ አንብቦታል። ለበዓሉ ሲመጣ ሰባት ያረጁ ዱላዎችና አንድ ፌስታል ኳስ ይዞ መጣ። ደንቡ ለአንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ በጨዋታ መሐል ከተጋጣሚ ዱላ መዋስን ግን ይከለክላል። ስለዚህ ሰባቱን ተከፋፈሉ፦ አራቱ ለጨዋታው እንግዳ ለሆነው ተጋጣሚ፣ ሦስቱ ለካዲው።

ተጋጣሚው የአካባቢው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። በገና ጨዋታ ሩር ሲመታ ያየው ሰው ጎልፍን እንዴት ቶሎ ለመደው ብሎ አይጠይቅም። እጁ ዱላ ያውቃል። የማያውቀው ደንቡን ነበር፤ በገና ሜዳ ላይ ስለ አመዳይ የሚከራከር ሰው የለማ።

በአምስት ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተቀበረበት። የደንቡ ጉድጓድ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው፤ ቆርቆሮው በጥቂቱ ይጠብባል፤ ለሁለቱም እኩል ስለጠበበ ማንም አልተከፋም። በየጉድጓዱ ዙሪያ በግ ተለቀቀበት፤ በጉ የተወውን ማጭድ አስተካከለው፤ ጎልፈኞች ግሪን የሚሉት ክብ መስክ ወጣ። በበግ ሣር ማስተካከል ለሚያስቀው ሰው፦ ጨዋታው በስኮትላንድ የባሕር ዳር መሬት ላይ ሲያድግም ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎችና ጥንቸሎች ነበሩ። ጉድጓዱን ከሩቅ የሚያሳይ ባንዲራ ስላልነበረ የገና ዱላ ጨርቅ ታስሮበት ጉድጓዱ ውስጥ ተተከለ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግሪን ላይ ሆኖ ኳስ ሲገፋ ባንዲራውን አለመንቀል ስለሚፈቀድ ዱላው እዚያው ቆየ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱም ጸጥ ብሎ ሲያድር መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ሣሩ ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ በሰው ቁመት ልክ የተሰቀለ ቴርሞሜትር 2 ወይም 3 ዲግሪ እያሳየ ሣሩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ባቄላ የዘራ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከላይ ያለው ማሳ ተርፎ የታችኛውን በአንድ ሌሊት ውርጭ መትቶት የሚያድርበት ምክንያት ይኸው ነው።

ካዲው አምስተኛውን ጉድጓድ የቆፈረው ረባዳው ላይ፣ ከምንጩ አጠገብ ነው። በበጋ ሣሩ ለምለም የሆነበት ቦታ እሱ ብቻ ስለነበር ዓይኑ እዚያ ማረፉ አያስገርምም። ነገር ግን በስተምሥራቅ ያለው ሸንተረር ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይጋርደዋል። ላይኛዎቹ አራት ግሪኖች ፀሐይ ሲያገኛቸው እሱ ገና ነጭ ነው። የጎልፍ ሜዳ የሚጠብቁ ሰዎች ብርድ ባደረ ጠዋት መጀመሪያ ሄደው የሚያዩት እንዲህ ያለውን ቦታ ነው፤ ሜዳው የሚከፈተውም የመጨረሻው ግሪን ሲለቅ እንጂ የመጀመሪያው ሲለቅ አይደለም።

አምስቱ ጉድጓዶች

ግጥሚያው በጉድጓድ ብልጫ ነበር፤ ጉድጓዱን ባነሰ ምት የጨረሰ ያን ጉድጓድ ይወስዳል፣ እኩል ከጨረሱ ለሁለቱም ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን አራት እዚህ ላይ በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም፤ አንድ ለካዲው፣ አንድ ለመምህሩ፣ ሁለቱ እኩል። ኋላ ክርክሩን ያቀጣጠሉት ሁለት ነገሮች ግን እዚያ ተፈጽመዋል።

አንደኛው፣ ሁለተኛው ጉድጓድ መነሻ ላይ። ኳሱ በሚቀመጥበት ቦታ ሣሩ ነጭ ነበር። ካዲው በጫማው ጎን አመዳዩን ጥርግ ጥርግ አድርጎ ኳሱን አስቀመጠና መታ። መምህሩ አየ፤ ምንም አላለም።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ። ዋዜማውን ከብት ሲጠጣ ከገንዳው የፈሰሰ ውሃ ሜዳው ላይ ተኝቶ፣ ሌሊት ፊቱ በረዶ ሠርቶ ነበር። የካዲው ኳስ ተንሸራቶ በረዶው ላይ ተቀመጠ። ካዲው ኳሱን አነሣ፤ ከኩሬው ወጥቶ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳይቀርብ፣ በአንድ ዱላ ርዝመት ውስጥ ከጉልበቱ ቁመት ለቀቀውና ያለቅጣት መታ። መምህሩ አሁን ጠየቀ፦ «ይቻላል?» «ይቻላል» አለው ካዲው። በዚሁ አለፉ።

አምስተኛው ግሪን ላይ ሲደርሱ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ተመልካቹ አሥራ አምስት ያህል ይሆናል፤ አብዛኛው ልጆች፤ ሁሉም አመዳዩን እየረገጡ ክቡን ከበውታል። የካዲው ኳስ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷል። የመምህሩ ሦስት እርምጃ ይርቃል፤ ጉድጓዱን ለማካፈል ማግባት አለበት። መምህሩ ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየ። ኳስ አመዳይ ላይ ሲንከባለል ምን እንደሚሆን አራተኛው ጉድጓድ ላይ አይቶታል፦ ነጩን እየሰበሰበ ይወፍራል፣ ይዘላል፣ ከመንገዱም ይወጣል። ቀና አለና የጋቢውን ጠርዝ ሰብሰብ አድርጎ ይዞ ከኳሱ እስከ ጉድጓዱ ጠረገው። ከዚያ ገፋው። ገባ። ልጆቹ ጮኹ።

ካዲው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። «መስመርህን ጠርገሃል፤ ጉድጓዱ የኔ ነው» አለ።

ሦስት ቅዝቃዜ፣ ሦስት ደንብ

የመምህሩ መልስ ጠንካራ ነበር፤ እኔም ሰምቼው ሙግቱ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። «አንተ መነሻው ላይ በጫማህ ስትጠርግ ደንብ ነው፤ በረዶ ላይ ያረፈ ኳስ አንሥተህ ስትወስድ ደንብ ነው፤ እኔ በጋቢዬ ስነካው ነው ወንጀል የሆነው? ያው ነጭ፣ ያው ብርድ አይደለም እንዴ?»

ደንቡን ለማያውቅ ሰው ይህ ሙግት መልስ የለውም። ደንቡ ግን ሦስቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው።

የጎልፍን ደንብ የሚያወጡት በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ያለው አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር በጋራ ናቸው። ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት ደንቡ 34 ክፍል ነበረው፤ በዚያ ዓመት ወደ 24 ተቀነሰ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. 25 ሆነ። ሥሩ ግን ያልተለወጠ ነው፦ ኳሱን ባረፈበት ምታ፣ ሜዳውን እንዳገኘኸው ተጫወትበት።

ሜዳ ላይ የወደቀ ልቅ የተፈጥሮ ነገር፣ ለምሳሌ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ድንጋይ፣ የእንስሳ እበት፣ ኳሱን ሳያንቀሳቅሱ ማንሣት ይፈቀዳል። አመዳይ ግን ከዚህ ዝርዝር በስም ወጥቷል፤ ጤዛም እንዲሁ። በሌላ በኩል ያቆረ ጊዜያዊ ውሃ ላይ ኳስ ቢያርፍ ያለቅጣት ማውጣት ይፈቀዳል። አመዳይና ጤዛ ከዚህም በስም ወጥተዋል። ስለዚህ አመዳይ ልቅ ነገር አይደለም፣ ጊዜያዊ ውሃም አይደለም። የሜዳው አካል ሆኖ ይቆጠራል። ደንብ 8.1 ተጫዋች መስመሩን ለማሻሻል ሊያደርጋቸው የማይችላቸውን ሲዘረዝር «ጤዛን፣ አመዳይን ወይም ውሃን ማስወገድ» የሚለውን አስገብቶታል።

በረዶና የተፈጥሮ ግግር ሌላ ነው። ተጫዋቹ ከፈለገ እንደ ልቅ ነገር ያነሣዋል፤ መሬት ላይ ካለ ደግሞ ከፈለገ እንደ ጊዜያዊ ውሃ ቆጥሮ ኳሱን ያወጣል። ምርጫው የእሱ ነው። ካዲው ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ የተጠቀመው በዚህ ነው፤ አልሳተም። (ከፍሪጅ የወጣ፣ ሰው የሠራው በረዶ ቢሆን በሦስተኛ መንገድ ይታይ ነበር፤ ደላንታ ላይ ይህ አያሳስብም።)

መነሻው ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። ደንብ 6.2 ጉድጓዱ በሚጀመርበት መነሻ ክልል ውስጥ ጤዛና አመዳይ መጥረግን፣ መሬት ማስተካከልንም ይፈቅዳል። እንደኔ እንደኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። መነሻው ላይ ኳሱ ገና ወደ ጨዋታ አልገባም፤ የት እንደሚቀመጥ የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው፤ ስለዚህ «እንዳረፈበት» የሚባል ነገር የለም። ኩሬው በአጋጣሚ አንዱን አግኝቶ ሌላውን የሚምር ጉድፍ ነው፤ ከእሱ መውጣት ማንንም አይበድልም። አመዳዩ ግን ሜዳውን በሙሉ ለብሶታል። እሱን የጠረገ ሰው ለራሱ ብቻ ሌላ ሜዳ ሠራ ማለት ነው፤ ተጋጣሚው ግን በነጩ ላይ ይቀራል።

ቅጣቱም አይሰፋም፣ አይጠብም። ጠቅላላ ምት በሚቆጠርበት ውድድር ሁለት ምት ይጨመርበታል፤ በጉድጓድ ብልጫ ግጥሚያ ጉድጓዱን ያጣል። አለማወቅ አያድንም። አራቱ እኩል ስለነበሩ አምስተኛውን ማጣት ግጥሚያውን ማጣት ነበር፤ ሙክቱም አብሮ ይሄዳል።

የበጠጡ መከላከያ

ካዲው ስልኩን አውጥቶ አነበበለት። መምህሩ ሁለት ጊዜ አስደገመውና መከላከያውን ቀየረ። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የምር ጎልፍ የሆነው።

«አመዳዩን አይደለም የጠረግኩት» አለ፤ «በጠጥ ነው ያነሣሁት።»

እውነት መስመሩ ላይ የበግ በጠጥ ነበር። ግሪኑን ያስተካከሉት በጎች ናቸውና ባይኖር ነው የሚገርመው። በጠጥ የእንስሳ እበት ስለሆነ ልቅ ነገር ነው፤ ማንሣቱ በግልጽ ይፈቀዳል፤ በእጅ ይሁን በእግር ወይም በጨርቅ ደንቡ አይመርጥም። የተፈቀደ ነገር ሲደረግ እግረ መንገዱን የተነካ አመዳይ ደግሞ አያስቀጣም። መምህሩ ያለው እውነት ከሆነ ቅጣት የለም፣ ኳሱም ገብቷል፣ ጉድጓዱ እኩል ነው። ካዲው ይህን ያውቅ ስለነበር ወዲያው ዝም አለ። ለታማኝነቱ ክብር ይስጥልኝ፤ መምህሩ የማያውቀውን የደንቡን ክፍል ራሱ አንብቦለታል።

ስለዚህ ጥያቄው ከደንብ ወደ ማስረጃ ዞረ፦ ጋቢው ምን ፍለጋ ነበር የሄደው?

ዳኛ አልነበረም። ዳኛ በሌለበት ግጥሚያ ሁለቱ ተጋጣሚዎች ነገሩ በምን መንገድ እንዲያልቅ መስማማት ይችላሉ፤ ተስማምተው የደረሱበት ውሳኔ ኋላ ስህተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የጸና ነው። አንድ ገደብ ብቻ አለው፦ የሚያውቁትን ደንብ ወይም ቅጣት እንዳላዩ ለማለፍ መስማማት አይችሉም። ይህ በደንብ 20.1 ያለ ነው። ሁለቱም ባንድ አፍ «አባባ ይዩት» አሉ።

አባባ የሚሏቸው የመስኩን ግጦሽ ተራ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ከላይ ሸንተረሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ስለ ጎልፍ የሚያውቁት የለም፤ ስለ ሣር ግን የሚያስተምራቸው የለም። ካዲው ነገሩን እንዲህ ብሎ አስረዳቸው፦ «አባባ፣ በጠጥ ማንሣት ይፈቀዳል። አመዳይ ለብቻው መጥረግ አይፈቀድም። የትኛውን እንዳደረገ እርስዎ ይፍረዱን።»

ሽማግሌው ማንንም አልጠየቁም። ክቡን ዞረው ከጉድጓዱ በኩል መጡና ቁጢጥ አሉ። የተጠረገው መንገድ ገና ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፦ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ያህል የሚሰፋ አረንጓዴ፣ ከኳሱ መነሻ እስከ ቆርቆሮው አፍ ድረስ ሳይቋረጥ፤ ግራና ቀኙ ነጭ። በጠጡን ፈለጉ። ከመንገዱ በስተግራ፣ ወደ መሐሉ አካባቢ፣ ሦስት አራት ፍሬ ተገፍቶ ነጩ ላይ ተበትኗል። ከዚያ ወዲህም ከዚያ ወዲያም የተገፋ የለም። ጣታቸውን ወደ ጉድጓዱ ቅርብ ወዳለው ጫፍ ቀሰሩ፦ እዚያ ሦስት ፍሬ ከመንገዱ ዳር፣ አመዳይ እንደለበሱ፣ ካደሩበት ሳይነቃነቁ ተቀምጠዋል።

«ልጄ» አሉ መምህሩን፣ «አራት ፍሬ በጠጥ ለማንሣት ሦስት እርምጃ መጥረግ ምን አመጣው? በጠጡን የፈለገ ሰው ደግሞ ይቺን ምን ብሎ ተዋት?»

መምህሩ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለና ዱላውን ለካዲው ሰጠው።

ብዙ ጊዜ የስፖርት ክርክር በማን ጮኸ ነው የሚያልቅ። እዚህ የተዳኘው ሣሩ ላይ ባለው ፈለግ ነው፤ በእኔ ግምት ሠልጥኖ የመጣ ዳኛም ከዚህ የተለየ ነገር አያይም ነበር። ደንቡ ተጫዋቹ ምን አሰበ ብሎ ልቡን አይመረምርም፤ የተፈቀደውን ለማድረግ ከሚያስፈልገው በላይ ሄደ ወይስ አልሄደም ነው ጥያቄው።

ሙክቱና ዕርቁ

ሽማግሌው ግን በዚህ አላበቁም፤ ወሎ ውስጥ አንዱን አስከፍቶ የሚያልቅ ሽምግልና ሙሉ አይባልም። «እንግዲህ ሙክቱን ተካፍላችሁ ግዙት» አሉ። ካዲው ትንሽ አመነታ። ጉድጓዱን እኩል እናድርገው ቢባል ኖሮ ደንቡ አይፈቅድለትም፤ ቅጣቱን አውቆ ማለፍ ይሆናልና። ሙክቱ ግን የደንብ ጉዳይ አይደለም፤ የሁለቱ ውል ነው። ውጤቱ «ካዲው በአንድ ጉድጓድ» ተብሎ ተጻፈ፤ የሙክቱን ዋጋ እኩል አዋጡ። ውጤትና ዕርቅ እንዲህ ሲለያዩ ሁለቱም ይተርፋሉ፤ ሲቀላቀሉ ነው ሁለቱም የሚበላሹት።

«አብሽር» አለው ካዲው ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ቆዳው ያንተ ነው።»

ማንም ያላነሣው በር

ስለ ጋቢው ብዙ ተወራ። መምህሩ ሳይጠርግ ምን ማድረግ ይችል ነበር የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀም። ጥቂት መንገድ ነበረው። በጠጡን አንድ በአንድ በጣቱ ማንሣት፤ መስመሩ ላይ የበግ ኮቴ የጎደጎደበት ካለ ማስተካከል፣ የእንስሳ ኮቴ ግሪን ላይ ያደረሰውን ጉዳት መጠገን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷልና። ግሪን ላይ ስለሆነ ኳሱን ምልክት አድርጎ አንሥቶ፣ የያዘውን አመዳይ ከኳሱ ላይ ጠርጎ መመለስም ይችል ነበር። ኳሱን መጥረግ ይቻላል፤ መሬቱን ነው የማይቻለው።

ትልቁ በር ግን ደንብ 5.7 ነው። በጉድጓድ ብልጫ ግጥሚያ ሁለቱ ተጫዋቾች ከተስማሙ በማናቸውም ምክንያት ጨዋታውን ማቆም ይችላሉ፤ የሚጠብቃቸው ውድድር እንዳይዘገይ ብቻ ነው ገደቡ። እዚህ የሚጠብቅ ውድድር አልነበረም። ያለው ውጤት መዝጋቢና የሕፃናት መንጋ ነው። መምህሩ «ፀሐይ እስኪደርስ እንቆይ» ቢል፣ ካዲውም እሺ ቢል፣ ኳሶቹን ምልክት አድርገው ሸንተረሩ ላይ ቁጭ ብለው ዳቦ ይበሉ ነበር። ቢቆዩ አመዳዩን ፀሐይ ታነሣው ነበር፤ ፀሐይን ደግሞ የሚቀጣ የለም። አንድ ሰው ብቻውን ፀሐይ እስኪወጣ ልጠብቅ ቢል ጨዋታ አዘገየ ተብሎ ይጠየቃል፤ ምት ለመምታት ደንቡ የሚመክረው ከ40 ሴኮንድ ያልበለጠ ጊዜ ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ግን ጊዜው የሁለቱ ነው። ካዲው ይህን ያውቅ ነበር። ለምን አልጠቆመም ብዬ ጠየቅኩት፤ «አልጠየቀኝማ» አለኝ። ደንብ አልጣሰም። ደንቡን የሚያውቀው አንዱ ብቻ በሆነበት ግጥሚያ ግን ዐዋቂው በሩን ማሳየት አለበት ባይ ነኝ።

የሣሩ ሒሳብ

ሽማግሌው ሲነሡ ሌላ ነገር ተናግረው ነው የሄዱት። «ከብት እንኳ አመዳዩ ሳይለቅ እዚህ አናሰማራም፤ እናንተ ግን ፈነጫችሁበት።» ያን ጊዜ ለቁም ነገር የወሰደው የለም፤ ሣሩ ደህና ይመስል ነበር። ከቀናት በኋላ የልጆቹ እግር ዳና አንድ በአንድ፣ ጣት እስኪለይ፣ ቡናማ ሆኖ ወጣ።

ምክንያቱ ይታወቃል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በብርድ በረዶ ሲሆን ቅጠሉ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ መታጠፉን ያጣል። እግር ሲያርፍበት የበረዶው ስለት ሴሎቹን ይበሳቸዋል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ፀሐይ ሲሞቀው የተበሳው ክፍል ይጠቁራል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ሣሩ ሲያድግ ዳናው ይጠፋል። በትልልቅ የጎልፍ ሜዳዎች ግሪኑ ወደ 3 ሚሊሜትር ተጠግቶ ስለሚታጨድ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ በብርድ አገር ያሉ ክለቦች ጠዋት አመዳይ ካለ ተጫዋቾችን በር ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው፤ የከፈለውንም፣ ከሩቅ የመጣውንም። የኛ ሣር በበግና በማጭድ ስለተስተካከለ ረዘም ይላል፣ ይችላል። ሆኖም በበጋ ዝናብ የለም፤ ሣሩ ባላደገ ቁጥር ጠባሳው በልግን ይጠብቃል። መስኩ ደግሞ ለጨዋታ የተተወ አይደለም፤ የሰው ከብት የሚበላው ነው።

በጎልፍ ደንብ መጀመሪያ ላይ ለሌሎች ማሰብና ሜዳውን መንከባከብ የተጫዋች ግዴታ ሆኖ ተቀምጧል። በእርግጥ አመዳይ ላይ መራመድ ብቻውን ምት አያስቆጥርም። መምህሩ በአንድ ስንዝር መንገድ ጉድጓዱን አጣ፤ አሥራ አምስት ሰው ክቡን ሙሉ ረግጦ አንድም አልተቀጣም። ይህ የደንቡ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሜዳው ይከፈት ወይም ይዘጋ የሚለው የተጫዋቾች ሳይሆን የሜዳው ኃላፊ ውሳኔ ነው፤ በእኛ ጉዳይ ኃላፊው ሸንተረር ላይ ተቀምጠው ሳለ ማንም «አባባ፣ እንግባ ወይ?» አላላቸውም።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው

ካዲው ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ሁለት ነገር ተስማሙ። መጀመሪያ፣ ጨዋታ የሚጀመርበት ሰዓት በሰዓት ቆጣሪ መወሰኑ ቀረ። ሽማግሌው ከብቱን ወደ መስኩ ሲለቁ ጨዋታ ይጀመራል። ደመና ባደረበት ቀን ቶሎ ይሆናል፤ ጥርት ብሎ ባደረበት እስከ 3 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ከብት ያሰማራ ሰው አመዳዩ መልቀቁን አይቶ ነውና ከዚህ የተሻለ ምልክት አላገኘንም።

ሁለተኛው፣ ለአምስተኛው ጉድጓድ ምትክ ተቆፈረ። ከረባዳው በላይ፣ ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ተዳፋት ላይ ሌላ ቆርቆሮ ተቀበረ። በብርድ አገር ክለቦች በክረምታቸው ዋናውን ግሪን ዘግተው ጊዜያዊ ግሪን የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ሳርና ቆርቆሮ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ አብሮት የሚመጣ ደንብ አለ። ጉድጓዱ ሌላ ቦታ ሲሆን አሮጌው ግሪን «የማይጫወቱበት ግሪን» ይሆናል። ኳስ እዚያ ቢያርፍ ከዚያ ላይ መምታት ክልክል ነው፤ ኳሱ ውጪ ሆኖ ተጫዋቹ ለመምታት እግሩን የሚያቆመው እዚያ ላይ ቢሆን እንኳ መውጣት ግዴታ ነው። የእግሩ ነገር የተጨመረው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። መምህሩ ይህን ሲሰማ ካዲውን ሰቅዞ ያዘው፦ ከሰዓት በኋላ፣ አመዳይ በሌለበት፣ አሮጌው ግሪን አሁንም ዝግ ነው?

መልሱ የሚወሰነው ሜዳውን በሚያስተዳድረው አካል ነው። ለሽማግሌው ቀረበላቸው። ሄደው የደረቁትን ዳናዎች አዩና በልግ ዘንቦ ሣሩ እስኪያገግም ዝግ ነው አሉ፤ ለጎልፍም፣ ለሩርም፣ ለበግም። መምህሩ በስልኩ የጫነውን ደንብ ከፍቶ «ዝግ፣ ሙሉ ቀን» ብሎ በዳርቻው ጻፈበት።